የስምንት ሰዓቱ ሰማይ

የዚያች ልጅ አመጣጥ ከመጀመሪያውም አላማረኝም። ላፕቶፕ በጀርባዋ አዝላ ሶማሌ ተራ ሱቄ በር ላይ ቆመችና፣ "እትዬ አስካለ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። እኔ የልብስ ቁልፍና ክር የምሸጥ አሮጊት ነኝ፤ ሰው የሚጠይቀኝ ዕቃዬን እንጂ ስሜን አይደለም። ስሜን ጠርቶ የመጣ ሰው ወይ ከወረዳ ነው፣ ወይ መርዶ ይዟል። "ነኝ ብልሽስ?" አልኳት። ፍሬሕይወት እባላለሁ አለች። በወጣትነቴ የሠራሁበት የዝናብ ራዳር ይቀዳባቸው የነበሩት ቴፖች ከአንድ መጋዘን ተገኝተው ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጡ ነው፤ ሥራው የእሷ ነው፤ በቴፕ መያዣ ጣሳዎቹ ላይ ያለውን ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ግን ጠፍቶ ጸሐፊዋን ሲያፈላልጉ ከርመው እኔን አገኙ። ወሬዋ ይኼ ነው። ሠላሳ ዓመት ዞር ብሎ ያላየኝ መሥሪያ ቤት ዛሬ ምን ጎድሎበት ፈለገኝ? ዓይኔ ሳላስበው ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚያ ላይ ክብ የቆርቆሮ ጣሳ አለች፤ የቴፕ መያዣ የነበረች፤ ሥራ የለቀቅኩ ዕለት ባዶዋን በነጠላዬ ሥር ይዣት የወጣሁ። እስከ ዛሬ የሸሚዝ ቁልፍ አስቀምጥባታለሁ። "በቃ፣ ለጣሳዋ ነው የመጡት" አልኩ በሆዴ፤ ፎጣ አንስቼ ጣል አደረግኩባት።

አትፍረዱብኝ። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው በፈገግታ አይሸነፍም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሻጩ "ንጹሕ ጥጥ ነው" ብሎ በልጆቹ ቢምልለትም ከጨርቁ ጫፍ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት ያቃጥልና ያሸታታል። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው፤ ጠብታ ሠርቶ ከጠጠረ ናይለን ነው። "ሰው ይምላል፤ ክር አይምልም" ይለኝ ነበር። እኔም በዚሁ አደግኩ። በዕድሜዬ የስንቱን ሰው ክር መዝዤ እንዳቃጠልኩ እኔና ፈጣሪዬ ነን የምናውቀው። ባል አላገኘሁም ለሚሉኝ፣ አግኝቼ ነበር፤ ሁሉም ሲቃጠሉ ናይለን ናይለን ሸተቱኝ።

ልጅቷ ስልኳን አወጣችና የጣሳዎቹን ፎቶ አሳየችኝ። የገዛ እጄ ጽሕፈት! ወይ ጉድ፣ ያን ጊዜ እጄ እንዴት ያምር ነበር። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ በግዕዝ ቁጥር ነበር የምጽፈው። "ለምን በግዕዝ?" አለችኝ። ማንም እንዳይነካካብኝ ነዋ! የፈረንጁን አንድ ቁጥር በአንዲት ጭረት ሰባት ማድረግ ይቻላል፤ የግዕዙን ለማበላሸት ግን ደኅና የተማረ ሌባ ያስፈልጋል። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፣ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም።

ራዳሩ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከውጭ የመጡ አጥኚዎች ለጥቂት ክረምት ያቆሙት። ያን ዘመን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሰማዩ ሳይሆን መንገዱ ነው። ጠዋት ፕሊሴ ጉርዴን ለብሼ፣ ለጭቃው ኮንጎ ጫማ ተጫምቼ፣ ደኅናውን ጫማ በፌስታል ይዤ እወጣለሁ። ፓስቲ በአሥር ሳንቲም፣ ታክሲ በስሙኒ። ደርዘን ቁልፍ በሽልንግ ነበር፤ ዛሬ የምሸጥበትን ብነግራችሁ እኔኑ ሌባ ትሉኛላችሁ። አዲስ ካሴት የወጣ ሰሞን ያንኑ ዘፈን ሱቅ ከሱቅ ስለሚቀባበሉት፣ ከሶማሌ ተራ ተነስቼ ታክሲ መያዣው እስክደርስ አንድ ስንኝ አያመልጠኝም ነበር። የቴትሮን ሱሪ የለበሱ ጎረምሶች ጥግ ጥጉን ተደግፈው "የራዳሯ! ዛሬ ይዘንባል?" ይሉኛል። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራኝ። ሴቶቹ በርበሬ ከማስጣታቸው በፊት በራችንን ያንኳኳሉ። እኔ ማሽኑን ነክቼ አላውቅም፤ ሥራዬ ቴፑ ሲሞላ ጣሳው ውስጥ ከትቶ ቀኑን መጻፍ ብቻ ነበር። ይህን ግን ለሰፈሩ መንገር ምን ይጠቅመኛል? ቀና ብዬ ደመናውን አየት አደርግና፣ "አስጡት፣ ግድ የለም" እላለሁ። ሲዘንብባቸው ደግሞ "ማታ ማሽኑ ሐሳቡን ለወጠ" ብዬ እገላገላለሁ።

እናቴ ጭድ ተራ ጭድ ታስመጣና ትሸጥ ነበር፤ ያን ጊዜ የጭቃ ቤት የሚሠራ ሁሉ ከእሷ ነው የሚገዛው። ሻሿ ላይ ሁልጊዜ የጭድ ብጣሽ አይጠፋም። ሽፈራው ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የእሷን ጭድ ሲያወርድና ሲጭን ይውልና ገላውን ለቅለቅ አድርጎ ከረምቡላ ቤት ይገባል። ያን የከረምቡላ እንጨት ከያዘ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም። ዳቦ ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ ዳቦው ሲሻግት ነው የሚመጣው፤ ሰበብ ደግሞ አያልቅበትም። አንዴ በሬ መንገድ ዘጋ፣ አንዴ ቀብር አጋጠመኝ። እናቴ ሁሉንም ታምነዋለች። እኔ ሁሉንም አላምነውም። ቤታችን በእነዚህ ሁለት ምሰሶዎች ቆሞ ነበር የሚኖረው።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት እማዬን ትንፋሽ አጠራት። ልቧ ከዚያ በፊትም ደኅና አልነበረም፤ አባቴም ጨርቅ ሊያመጣ ከከተማ ወጥቷል። ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ታክሲ የሚባል ነገር በመርካቶ አይታይም። ጎረቤት በቃሬዛ ሐኪም ቤት እናድርሳት ቢል እሷ፣ "ገና ሳልሞት በቃሬዛ አልወጣም! ልጄ መኪና ያመጣል" ብላ እንቢ አለች። መኪና ያለው ዘመድ አንድ ብቻ ነበር፣ ጉለሌ የሚኖረው የሽፈራው የክርስትና አባት። ሽፈራው በሰባት ሰዓት እየሮጠ ወጣ። ስምንት ሆነ፣ የለም። ዘጠኝ ሆነ፣ የለም። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ በሐሳቤ ከረምቡላውን ነበር የማየው፤ ኳሶቹ ሲጋጩ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር ብል አልዋሸሁም። እማዬ ዓይኗን ገለጥ አደረገችና፣ "ልጄን ዝናብ ይዞት ነው" አለች። ውጭውን አየሁ። የጎረቤት በርበሬ ተሰጥቶ ፀሐዩ አናት ይበሳል። "ፀሐይ ነው፣ እማዬ" አልኳት። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ዘጠኝ ተኩል ላይ አረፈች።

ሽፈራው አሥር ሰዓት ሲል መኪናውን ራሱ እየነዳ ደረሰ። መኪናው ርጥብ ነበር። "ጉለሌ በስምንት ሰዓት በረዶ ወረደ፤ ወንዙ ድልድዩን አለፈው፤ መኪና ሁሉ ቆመ፣ ማለፊያ አጣሁ" እያለ አለቀሰ። እኔ ርጥቡን መኪና አየሁና፣ "አጥቦ መጣ" አልኩ በሆዴ። በዚያው ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ከተማው ሁሉ በዝናብ ተደበደበ፤ በነጋታው ጉለሌ ሄዶ ዱካ የሚፈልግ ሰው እንኳ ምን ያገኛል? የክርስትና አባቱ ሲጠየቁ፣ "ዘንቧልስ ዘንቧል፤ እኔ ግን የመኪናውን ቁልፍ ሰጥቼው ተኝቼ ነበር፣ ሰዓቱን አላየሁም" አሉ። ነገሩ ሰዓቱ ላይ ተንጠለጠለ። በሣልስቱ ዘመድ በተሰበሰበበት አጎቴ፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። አንቺ የራዳር ሰው አይደለሽም እንዴ?" አለኝ። ያን ጊዜ ያለማመንታት ከድንኳኑ መሀል ብድግ አልኩ። "ማሽኑ ያውቃል፤ አይቼ እመጣለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ከል እንደለበስኩ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። የማሽኑ ሰዓት የዓለም ሰዓት የሚሉት ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው ሲባል ሁልጊዜ እሰማለሁ። ግድግዳውም ላይ "ሦስት ቀንሱ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ኖሯል። ከስምንት ሦስት ሲነሳ አምስት። ቴክኒሻኑን፣ "የዚያን ቀን አምስት ሰዓትን ክፈትልኝ" አልኩት። "ለምን ፈለግሽው?" አለኝ። የቤቴን ገመና ለምን እነግረዋለሁ? "እንዲያው ነው" አልኩት። ከፈተልኝ። በማሽኑ መስተዋት ላይ በሰሜን በኩል አንዲት ቀይ ጠባሳ ብቻ አለች። "እሷስ?" ስለው፣ "እሷ የእንጦጦ ተራራ ናት፤ ጨረሩ ተራራውን መትቶ ሲመለስ ነው፣ በጋ ከክረምት አትጠፋም" አለኝ። ከእሷ በቀር ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ቤት ስመለስ የዘመዱ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። "ደመና የሚባል አልነበረም" አልኩ። አጎቴ፣ "ማሽን ዘመድ የለውም፤ አይዋሽም" አለ። ሽፈራው ኮቱን አነሳና ወደ ደጅ እንድወጣ በዓይኑ ጠራኝ። "እታለም" አለኝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ፤ "እማዬ ስትሞት ምን አለች?" ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ "ምንም" አልኩት። እሱም ሄደ።

ሩቅ አገር የሄደ እንዳይመስላችሁ። ምን አለሽ ተራ ነው የሄደው፤ ከሱቄ የአሥር ደቂቃ መንገድ። ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ምድጃ ይሠራል። አገባ ሲሉኝ ሰማሁ፣ ወለደ ሲሉኝ ሰማሁ። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እሱ በአንዱ ማዕዘን፣ እኔ በሌላው። ምድጃ ሲያረጅብኝ እንኳ ሌላ ሰው ልኬ ከሌላ ሰው ነው የማስገዛው። በዚህ መሀል አባቴ ሞተ፣ ራዳሩ ተነቅሎ ሄደ፣ ሱቆቹ ፈርሰው ፎቅ ወጣባቸው፣ ካሴት ቤቱ የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆነ፤ እኛ ግን እንደተኮራረፍን ቀረን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እየተመላለሰች ስታስነብበኝ ሰነበተች። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ላፕቶፑን የክር ካርቶን ላይ ታሳርፋለች። ጎረቤቴ ሸምሱ፣ ጆግና ባልዲ የሚሸጠው፣ በየደቂቃው አንገቱን እያሰገገ፣ "እትዬ፣ ደግሞ ምን ተጀመረ? ፎቅ ሊሠሩብን ነው እንዴ?" ይላል፤ እሱም የመርካቶ ልጅ ነው። እኔ የጣሳውን ቀን አነብላታለሁ፤ እሷ ወደ ፈረንጅ ቀን ትለውጠዋለች። ቀኑን አንብበን ስንጨርስ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ገና ነው። ከቴፑ የተገለበጠውን ስታሳየኝ ቁጥር ብቻ! ከላይ እስከ ታች የማያልቅ ቁጥር። "ዝናቡ የታለ?" አልኳት። "ዝናቡ እሱ ነው እትዬ። የዛሬ ራዳሮች የሚጽፉበትን ቅርጽ ሶፍትዌሩ ያውቃል፤ የእናንተው ራዳር ግን የራሱ አጻጻፍ ነበረው። የትኛው ቁጥር አቅጣጫው፣ የትኛው ርቀቱ፣ የትኛው የዝናቡ ብርታት እንደሆነ ፈትተን ካልነገርነው ሥዕል አያወጣም" አለች። ወራት ፈጅቶባታል። መጀመሪያ ያወጣው ሥዕል ከተማውን ገልብጦ ሰሜኑን ደቡብ አድርጎት ነበር አለችኝ። "ታዲያ አሁን ለመቃናቱ ምን ማረጋገጫ አለሽ?" ስላት፣ "ተራራው" አለች። "የእንጦጦ ተራራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቀይ ሆኖ ይወጣል። እሱ ሰሜን ላይ ሲቀመጥልን ነው መፍታታችን ትክክል መሆኑን ያወቅነው።"

መልሱ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ሰው ኮምፒውተሩን የፈለገውን ቀለም ማስቀባት ይችላል፤ የጎረቤት ልጅ ሰርግ ላይ ያልነበረችን ሴት ፎቶው ውስጥ አስገብተው አይቻለሁ። የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ። ክር መምዘዝ አለብኝ። በዓለም ላይ አንድ ሰማይ በእርግጠኝነት አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን የስምንት ሰዓቱን። ሶፍትዌሩ ያንን ንጹሕ አድርጎ ካሳየኝ ጥጥ ነው፤ ካልሆነ ናይለን ነው፣ ልጅቷም ላፕቶፗን ይዛ ትሂድልኝ። "የፍልሰታ ፍቺ ማግስት፣ በኛ ሰዓት ስምንት፣ ጉለሌን አሳዪኝ" አልኳት። ጣሳውን ራሴ ከፎቶዎቹ መሀል መርጬ ሰጠኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ጥቂት ነካካች። መጀመሪያ ካርታው መጣ፣ ቀጥሎ ክብ ክብ መስመር፣ ከዚያ ቀለሙ። አረንጓዴ፣ በውስጡ ቢጫ፣ በቢጫው ውስጥ ቀይ፣ መሀሉ ላይ ወይን ጠጅ የሆነ ነገር። "ውይ!" አለች ልጅቷ። "ይኼማ በረዶ ነው። ጉለሌን አናት አናቷን ነው ያላት።"

"ተራራው ነው እሱ" አልኳት ቶሎ ብዬ።

"አይደለም እትዬ። ተራራው ይኸውልዎ፣ ከላይ። ይኼኛውን ላንቀሳቅስልዎ።" አንዲት ቁልፍ ተጫነች። ተራራው እንደተቀመጠ ቀረ። የወይን ጠጁ ነገር ግን ከሰሜን ተነስቶ ወደ ወንዙ ወረደ፣ አበጠ፣ ቆመ፣ ኋላም ወደ ምዕራብ ሸሸ። "ተራራ አይራመድም" አለች። መርካቶ ላይ ምንም ቀለም አልነበረም። አንዲት ነጠብጣብ እንኳ።

ጥጉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አየሁ፤ አሥራ አንድ ይላል። እፎይ! ያዝኳት። "ስምንት ነው ያልኩሽ፣ አንቺ አሥራ አንድን ነው የከፈትሽው! ሦስት መቀነስ ነው እንጂ መደመር የት አገር ነው የተማርሽው?" ፎጣውን ረስቼ ጣሳዋን አወረድኩና ስምንት ቁልፍ ባንኮኒው ላይ ደረደርኩ። ሦስቱን አነሳሁ። "ይኸው፣ አምስት!"

ልጅቷ ቁልፎቹን አየቻቸው፣ እኔንም አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ሦስት የሚቀነሰው ከፈረንጅ ሰዓት ላይ ነው" አለች። "ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው፤ እኛ ከንጋት። የኛ ስምንት ሰዓት በፈረንጅ አሥራ አራት ነው። ከአሥራ አራት ሦስት ሲነሳ አሥራ አንድ።" ያነሳኋቸውን ሦስት ቁልፎች መለሰች፤ ከጣሳው ሦስት ጨምራ ከስምንቱ ጎን ደረደረች። "የማሽኑ አምስት ሰዓት በኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በጠዋቱ ሰማይማ ምን ይኖራል?"

ባንኮኒዬ ላይ አሥራ አንድ ቁልፍ ተደርድሮ ቀረ። ያ "ሦስት ቀንሱ" የሚለውን ወረቀት የለጠፉት ፈረንጆቹ ናቸው፤ የገዛ ሰዓታቸውን ለሚያነቡ። እኔ በእጄ ላይ ያለውን የሐበሻ ሰዓት ይዤ ሄጄ በእነሱ ሕግ ቀነስኩ። ቴክኒሻኑን ምክንያቴን ብነግረው ኖሮ በአንድ አፍታ ያርመኝ ነበር። ሰውን አላምንም ብዬ የገዛ ስሕተቴን ሠላሳ ዓመት አምኜው ኖርኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ግን ማልቀስ አይደለም። "ማን ላከሽ?" አልኳት ልጅቷን። ሽፈራው ልኳት፣ ሥዕሉንም እሱ አሠርቶት ይሆናል ብዬ ነው፤ እግዜር ያሳያችሁ። ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። "ማንም አልላከኝም፤ ቀኑንም ሰዓቱንም የመረጡት እርስዎ ነዎት" አለች። እውነቷን ነው። ክሯን ራሴ መዝዤ፣ ራሴ አቃጥዬ፣ ጥጥ ሆና ተገኘች። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሸምሱ ባልዲውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ነገሩን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት፤ እሷም ሥዕሉን በወረቀት አሳትማ አመጣችልኝ።

ወረቀቱ አንድ ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጠ። ምን ብዬ ልሂድ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንብኝም? በስተመጨረሻ ያቺን ጣሳ ሰበብ አደረግኳት። ክዳኗ ላልቷል። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ምን አለሽ ተራ ተነሳሁ። እዚያ የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ነው የሚቀበላችሁ፤ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ሽፈራው ምድጃ እየገጠመ ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። መነጽሩን በክር አስሮታል። ሲያየኝ መዶሻው አየር ላይ ቆመ።

"ክዳኗ ላልቶብኝ ነው" አልኩ፣ ጣሳዋን ዘርግቼ።

ተቀበለኝ። አገላብጦ አያት፣ ዙሪያውን ሦስት አራቴ ጠቅ ጠቅ አደረገና ገጠመ፤ ልክ ሆነች። መለሰልኝ። ጉዳዬ አለቀ፣ መሄድ ነው የቀረኝ። ወረቀቱን ከጉያዬ አወጣሁና ምድጃው ላይ አስቀመጥኩለት። ጎንበስ ብሎ አየው። "ይኼ ወይን ጠጁ ምንድነው?"

"በረዶው ነው። ጉለሌ፣ ድልድዩ ጋ፣ በስምንት ሰዓት። ያኔ ሰዓቱን ተሳስቼ ነው ያነበብኩት። ጠዋቱን ነው ያየሁት፣ ሽፈራው።"

ብዙ አየው። በጣቱ ወንዙን ተከተለ፤ ጥላሸት ያለበት ጣት ወረቀቱ ላይ መስመር ትቶ ሄደ። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝ። "እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ" አለ። "ሥዕሉ ምን ያደርግልኛል?"

ወይ አምላኬ። ለካ ማስረጃ ለእሱ አያስፈልገውም ነበር። ማስረጃ የምትፈልገው እኔ ነበርኩ። ዞሬ ልሄድ አንድ እርምጃ ከተራመድኩ በኋላ ነው የቀረብኝ ነገር ትዝ ያለኝ። "እማዬ ምን አለች ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር" አልኩት።

"ምንም አላለችም አልሽኝ።"

"ዋሽቼህ ነው። 'ልጄን ዝናብ ይዞት ነው' ነው ያለችው። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው።"

ዙሪያችን መዶሻው ይጮኻል። ሽፈራው መነጽሩን አውልቆ ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመው፣ ፈታው፣ ጠመጠመው። "አመነችኝ ማለት ነው" አለ። ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ፤ "አንቺስ ምን አልሻት?"

ይህን ብዋሽ ማን ያውቅብኝ ነበር? የዚያን ቤት ወሬ የሚቀዳ ቴፕ የለ። "'ፀሐይ ነው፣ እማዬ' አልኳት።"

መዶሻውን አነሳ። ይወርውርብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቢወረውርም አልፈርድበትም ነበር። ስገልጥ መሬት ላይ አስቀምጦታል። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ "እዚህማ ፀሐይ ነበራ" አለ።

ያን ሲል የሰማሁትን ያህል ደግነት በዕድሜዬ አልሰማሁም። እኔ ለእሱ ያላደረግኩትን ለእኔ አደረገልኝ። ልናገር ስል ከላያችን ቆርቆሮው አንድ ሁለቴ ጠብ ጠብ አለበትና ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ ምድጃውን እየጎተተ ወደ ውስጥ ገባ፣ መዶሻው ሁሉ ቆመ። ሽፈራው ባዶ የዘይት ጣሳ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። "ቁጭ በይ እታለም፤ ይዞሻል" አለኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የልጆቹን ስም ነገረኝ፤ ትልቋ አስካለ ትባላለች።

ሶማሌ ተራ ስደርስ አስፋልቱ ደረቅ ነው፤ አቧራው እንደ ልቡ ይነሳል። ሸምሱ ሱቄን ሲጠብቅልኝ ውሎ ተናድዷል። "እትዬ! ክዳን ለማስጠገን ይኼን ሁሉ ሰዓት? የት ጠፉ?"

"ዝናብ ይዞኝ ነው" አልኩት።

ሸምሱ ሰማዩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ደረቅ ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየ። አላመነኝም።